ባለ አንድ እጅጌ ሹራብ

ቅዳሜ ጧት የላይኛው ፎቅ ጎረቤት የቆሻሻ ባልዲዋን አንጠልጥላ ስትወርድ፣ ልብስ ሰፊዋን በገዛ ቤቷ ደፍ ላይ ተዘርራ አገኘቻት። ባልዲው ከእጇ አምልጦ ደረጃውን እየተንኳኳ ወረደ፤ ጩኸቷም ተከተለው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ቃሬዛው ገና እየወረደ ነበርና ጀርባዋን ከግድግዳ አስጠግታ አሳለፈችው። የተኛችውን ሴት ዐወቀቻት። ትናንት፣ አርብ አመሻሽ፣ በጣቢያው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ አይታታለች። አሁን ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር በደም ተጣብቋል። ቀኝ ክንዷን ግራጫ የቤት ሹራብ ሸፍኖታል፤ ግራ ክንዷ ግን ከትከሻው ጀምሮ ራቁቱን ነው።

«እጅጌዋን ገንጥሎባታል፤ ተናንቀዋል ማለት ነው፤» አለ ሳጅኑ ከኋላዋ። ጡረታው የተቃረበ፣ ሆዱ ከቀበቶው ጋር ዘወትር የሚሟገት ሰው ነው። «ያን እጅጌ ያገኘን ዕለት ሰውየውን አገኘነው።»

«ይፈልጉታ።»

ቤቱ አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፤ በወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅና ብጥስጣሽ ክር። የገንዘብ ቦርሳዋ በጠረጴዛው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። በበሩ ላይ አዲስ የብረት መቀርቀሪያ ያብረቀርቃል፤ አልተሰበረም፤ ከውስጥ ተስቦ ተከፍቷል። ከበሩ ጎን አንድ ሰማያዊ ቦርሳ ዚፑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ በውስጡ የሕፃን ልብስ ተጣጥፎ ይታያል።

«ከፍታለታለች፤» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለምታውቀው ሰው።»

ኢንስፔክተሯ ዐይኗ ካውያው ላይ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የክር ብናኝ ያልለበሰ ነገር አልነበረም፤ መቀሱም፣ ወንበሩም፣ አምፖሉም ሳይቀር ለብሷል። ካውያው ብቻ እንደ መስታወት ተጠርጎ፣ ገመዱ በሥርዐት ተጠምጥሞ፣ ማስቀመጫው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የአሻራ ባለሙያው አገላብጦ ካየው በኋላ፣ ከእንፋሎት መውጫ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ደም አወጣ።

«መትቶ፣ ጠርጎ፣ ወደ ቦታው መልሶ!» አለ ሳጅኑ። «ጨዋ ገዳይ ነው እናንተ። ወለሉን ሳይጠርግ መሄዱ ነው የገረመኝ።»

«ገዳይ አይበሉ። ሴትዮዋ አልሞተችም።»

እጅጌውን ግን ከአልጋ ሥር እስከ ደረጃው ግርጌ ድረስ ፈልገው አጡት።

የአርቡን ነገር እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል።

ልብስ ሰፊዋ ከቀድሞ ባሏ የወለደቻት አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለች። ባልየው መነጽር ሠሪ ነው። አምና የትከሻዋን አጥንት ሰበረባትና ተፋቱ። ፍርድ ቤቱም ልጅቷን ለሁለቱም አካፍሎ፣ ርክክቡ በፖሊስ ፊት እንዲፈጸም አዘዘ። የሚስትን አጥንት የሰበረ እጅ ልጅ ለመቀበል ንጹሕ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በየሳምንቱ አርብ እናት ከአግዳሚው አንድ ጫፍ፣ አባት ከሌላው ጫፍ ይቀመጣሉ፤ ሕፃኗ በመካከል ትሻገራለች።

መነጽር ሠሪው ሲገባ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉን በስም እየጠራ፣ የታመመውን እየጠየቀ፣ ጎንበስ እያለ ነው። የሳጅኑን መነጽር በነፃ ሠርቶለታል። እናትየዋ ግን ግድግዳውን አይታ ትቀመጣለች፤ ሰላምታዋም ከጥርሷ አይወጣም። በዚህ ምክንያት ጣቢያው እሱን ወደደ፤ እሷን «ፊቷ የማይፈታ» አላት። ሰው የሰውን ጠባይ በሰላምታው መመዘን ከጀመረ ቆይቷል፤ ሚዛኑ ግን አንድም ቀን ልክ ሆኖ አያውቅም።

ሰውየው አንድ ሥርዐት ነበረው። ልጅቷን እንደ ተረከበ፣ ከእናቷ ቤት የለበሰችውን ሁሉ፣ ጫማና ካልሲ ሳይቀር፣ እዚያው አግዳሚው ላይ ያወልቅላታል። አንድ በአንድ አጣጥፎ በሰማያዊው ቦርሳ ለእናትየዋ ይመልሳል። ከዚያ እሱ የገዛውን ያለብሳታል። «የእናቷ ቤት ለእናቷ፣ የኔ ቤት ለኔ። እንዲህ ሲሆን ጭቅጭቅ የለም፤» ይላል እየሣቀ።

ትናንት ልጅቷ አንድ ግራጫ ጨርቅ በእጇ ጨብጣ፣ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አልለቅም አለች። እሱም ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቀ።

«ያለ ሹሬ አትተኛም እኮ፤» አለች እናት፣ ልጅቷ ጨርቁን በምትጠራበት ስም፤ ከግድግዳው ዐይኗን ስታነሣ ኢንስፔክተሯ ያየቻት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ትለምዳለች፤» አለ አባት። ጨርቁንም ከቦርሳው ውስጥ፣ ከልብሶቹ አናት ላይ አስቀምጦ ዚፑን ዘጋ። ኢንስፔክተሯ በቢሮዋ በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አይታለች።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ቅዳሜ ጧት እዚያው ደረጃ ላይ ቃሏን ሰጠች።

«ሰው ማማት አልወድም፤» ብላ ጀመረች፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው የሚያቆምበትን አያውቅም። «ወንድሟ ነው። በያጁ። ትናንት ከሰዓት ሕንጻውን በጩኸት አናወጠው። "አንድ ቀን ሞተሽ ነው የማገኝሽ!" ሲላት እነዚህ ጆሮዎቼ ሰምተዋል። ቁልፍም አለው።»

የበያጁ ስልክ ዝግ ነበር። ሱቁም ዝግ ነበር። ሳጅኑ እጁን አፋተገ፦ «ተጠናቀቀ በሉኝ።»

እኩለ ቀን ላይ ግን በያጁ በገዛ እግሩ፣ ፊቱ በጥላሸት እንደ ተሸፈነ፣ ወደ ጣቢያው ዘልቆ ገባ። የዳቦ ቤት ምድጃ ተሰብሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲበይድ አድሮ፣ የእኅቱን ነገር የሰማው ከጎረቤት ነው። ሦስት ጋጋሪዎች መሰከሩለት፤ አንደኛው እንዲያውም «ሲበይድ ስድቡ ከእሳቱ ይብሳል፤ ማን እንቅልፍ ወስዶት ሳያየው ይቀራል?» አለ።

«ሞተሽ ነው የማገኝሽ ብለሃል?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ብያለሁ! ምን ልበል ታዲያ?» በያጁ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ወዲያው ደግሞ መዳፉን አየው፣ አፈረ። «ያ ሰውዬ መንገድ ላይ እየጠበቀ ይከተላት ነበር። መቀርቀሪያ ሠርቼ አመጣሁላት። "ምን ያደርግልኛል፣ ቤቴን እስር ቤት አደረግኸው" አለችኝ። ተናደድኩ። በስተኋላ ግን እንድትዘጋው አስምያታለሁ።»

«ዘግታው ነበር። ከውስጥ ከፈተችው።»

«ለእሱ? ለእሱማ ሰማይ ቢደፋ አትከፍትም!»

«ለልጇስ?»

በያጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ።

«ሚጢጢ አሁን የት ናት?» አለ በመጨረሻ።

«ከአባቷ ዘንድ።»

«እና እዚህ ተቀምጠን እናወራለን?»

መነጽር ሠሪው በሩን ሲከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ሕፃኗ ተኝታለች። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። መጻሕፍቱ በቁመታቸው፣ ጫማዎቹ በጥንዳቸው ተሰድረዋል።

«ሰማሁ፤» አለ፤ ዐይኑም እንባ አቀረረ። «ምንም ቢሆን የልጄ እናት ናት። እንዴት ሆነች?»

«አልነቃችም። ጉዞ አለዎት?»

«ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ነገ ቀትር ላይ እንነሣለን። እናቷ እስክትድን ልጄን ማን ይይዛታል? ተረኛ ዳኛውንም ዛሬ አስፈቅጃለሁ።»

«አርብ ማታ የት ነበሩ?»

«እኅቴ፣ ሕፃን ይዤ የት እሄዳለሁ? ጎረቤት ይጠይቁ። ስለ መኪናዬም ዘበኛውን ይጠይቁ።»

ዘበኛው ተጠየቀ፤ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት ደግሞ የቀድሞ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ኢንስፔክተሯን እጇን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት።

«ግቢ የኔ ልጅ። እግሬ ጡረታ ወጣ እንጂ ጆሮዬ አልወጣም። አርብ ማታ ቤቱ ነበረ ወይ? ነበረ! ያቺ ምስኪን እንደ ወትሮዋ ስታለቅስ፣ እሱ "ዝም በይ! ዝም!" ሲል ነበር። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ግን ደም ያስቆማል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተአምር! ዝም አለች። እዚህ በመጣች ቁጥር እስኪነጋ ነው የምታለቅሰው፤ ያን ዕለት ግን ቤቱ ጭር አለ። ቆየት ብሎ በር ሲንቋቋ ሰማሁና እንደገና ታለቅሳለች ብዬ ጆሮዬን ብደቅን፣ ምንም! እስኪነጋ ምንም! ዛሬም እንዲሁ ናት። "ተመስገን፣ አባትነትን ተማረ" ብዬ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ጠገብኩ።»

በደረጃው ላይ ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብን። ሰውየው ቤቱ ነበረ፤ ልጁን አስተኝቶ ተኛ። እኔ ደግሞ መቼም እውነቱን ልናገር፣ ትሕትናው...»

«መነጽሩ እንዴት ነው? ይመችዎታል?»

ሳጅኑ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገውም፤ መልሶም ሊያደርገው አልደፈረም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ማለትዎ ነው። ገባኝ።»

በሆስፒታሉ ነርሷ የታካሚዋን ልብስ በላስቲክ ከረጢት አስረከበቻት። ኢንስፔክተሯ ሹራቡን በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። የግራውን ብብት ዳር በጣቷ ተከተለች። የተገነጠለ ነገር ቢሆን ክሩ በተበጣጠሰ፣ ጠርዙም በተንጨፈረረ ነበር። ይህ ግን በመቀስ ተቆርጦ፣ ዳሩ ታጥፎ፣ በጥንቃቄ ተቀምቅሟል፤ ቅምቅማቱም በብዙ እጥበት ሳስቷል። ሴትዮዋ ይህን እጅጌ በገዛ እጇ የቆረጠችው ዱሮ ነው። ባለ አንድ እጅጌውንም በቤቷ ውስጥ መልበሷን አላቆመችም።

ኢንስፔክተሯ ሹራቡን አጠፈች። የሕፃን ጡጫ፣ በጡጫው ውስጥም አንድ ግራጫ ጨርቅ ታያት።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ተመለሰች። ሰማያዊው ቦርሳ በበሩ ጎን እንዳለ ነው። የሕፃኗ ልብስ እንደ ተጣጠፈ፣ ጫማዋና ካልሲዋም በቦታቸው ናቸው። ከልብሶቹ አናት ላይ ግን ግራጫው ጨርቅ የለም።

ወደ ጣቢያው ስትመለስ አዛዡ ሰዓቱን እያየ ጠበቃት።

«ያለሽ ጥርጣሬ ነው፤» አላት። «ልጅቷ አብራው ነበረች ካልሽ አስጠሪያትና ጠይቂያት። በሁለት ጥያቄ ያልቃል።»

«አልጠይቃትም።»

«ለምን?»

«ዛሬ የምትናገረውን እኛ ነገ መዝገብ ቤት እናስገባዋለን፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች። አባቴን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ ብላ ታድጋለች።»

«ነገ ቀትር ላይ ይዟት ከሄደ ደግሞ በማን እጅ ታድጋለች?»

ጥያቄው ልክ ነበር። ኢንስፔክተሯ የመፈተሻ ትእዛዝ ለማስጻፍ ወጣች።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ ትእዛዙ በኪሷ ሆኖ፣ ከልብስ ሰፊዋ ደጅ በእግሯ ተነሣች። ሳጅኑም እያለከለከ ተከተላት። ሁለቱን ሰፈሮች ወንዝ ይለያቸዋል፤ በመኪና ሲሆን ግማሹን ከተማ ያዞራል። ከሕንጻው ጀርባ ግን አንዲት የእግር ድልድይ አለች። ሳጅኑ ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ የመነጽር ሠሪው ግቢ ፊት ለፊት ደረሱ።

«አንተ፣» አለው ሳጅኑ ዘበኛውን፣ «አርብ ማታ ሰውየው ልጁን ታቅፎ በእግሩ አልወጣም?»

«እኔ መኪና እንድጠብቅ ነው የተቀጠርኩት፤» አለ ዘበኛው ቅር ብሎት። «በእግሩ የሚወጣውን ማን ይጠብቃል?»

የጭነት መኪና ደጅ ላይ ቆሟል። በሩ ክፍት ነበርና ሳያንኳኩ ገቡ። ሕፃኗ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ታወዛውዛለች።

«ደግሞ መጡ?» አለ አባት፤ ፈገግ ብሎ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነው። አርብ ከእናቷ ቤት የመጣ ዕቃ አለ?»

«እርስዎ ያውቁ የለ? ከዚያ ቤት ክር እንኳ እዚህ አይገባም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሻንጣው ተመለከተች፤ እሱም የእሷን ዐይን ተከትሎ ተመለከተ። ሕፃኗ አውራ ጣቷን ጎርሳለች። ቀሪዎቹ ጣቶቿም አንድ ግራጫ የሹራብ እጅጌ ጨብጠው አፍንጫዋ ላይ ይዘውታል።



«እሱማ የቆየ ነው፤» አለ መነጽር ሠሪው። «ሹራብ መቼም ሁለት እጅጌ አለው። አንዱን ለእሷ ቤት፣ አንዱን ለኔ ቤት ቆርጣ ሰጥታን ነበር። ለልጅቷ ስንል።»

«ሳጅን፣» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ልጅቷን ወደ ውጭ ይውሰዷት። መኪናውን ያሳዩአት።»

ሳጅኑ በጉልበቱ ተንበረከከ። «ነይ እማማ፤ የዚያን መኪና ጎማ እንቁጠር፤ እኔ ስቆጥር ሁልጊዜ አንድ ይጠፋብኛል።» ሕፃኗ አባቷን አየች፤ ሳጅኑን አየች፤ ከእጅጌዋ ጋር ክንዱ ላይ ወጣች። ኢንስፔክተሯ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ሹራቡን ከላስቲኩ ከረጢት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ሁለተኛው እጅጌ ይኸውና። ስትመታ ቀኝ ክንዷ ላይ ነበር። ሌላ እጅጌ የለም። ግራውን ደግሞ አርብ አመሻሽ ጣቢያ ውስጥ፣ በኔ ፊት፣ በገዛ እጅዎ ከእሷ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት።»

ሰውየው ደም የጠጣውን ሹራብ አላየም። ጣቶቹ በጠረጴዛው ላይ የነበረን አንድ እስክሪብቶ ከጠርዙ ጋር አስተካከሉ።

«ካውያውን ጠረጉት፤ ገመዱንም ጠመጠሙት። ይህን ግን ሊጥሉት አልቻሉም፤» አለች። «እሱን ቢጥሉት ታለቅሳለች። ካለቀሰች ጎረቤት ይሰማል፤ በመካከል ቤቱ ለምን ጭር ብሎ እንደ ነበረም ይጠይቃል። ቤቴ ነበርኩ የሚለው ቃልዎ የቆመው በእሷ ዝምታ ላይ ነው።»

«ማልቀሷን አላቆመችም!» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ምን አላደረግሁላት? አሻንጉሊት ገዛሁ፣ አልጋ ገዛሁ። ለአንድ ቡትቶ! ለዚያ ቡትቶ ብዬ እኔ፣ እኔ ደጇ ላይ ቆሜ ለመንኩ! የልጅቷን ድምፅ ስትሰማ ከፈተች። ቡትቶውን ሰጠችኝ። ያኔ ዝም ብላ በሩን ብትዘጋ ምን ነበረበት? ደፉ ላይ ቆማ፣ እጇን ዘርግታ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ልያዛት፣ እስክትተኛ" አለችኝ። በኔ ቀን! ከኔ እጅ!»

«ካውያው ከበሩ አጠገብ አልነበረም።»

ሰውየው እስክሪብቶውን እንደገና አስተካከለ።

«ስለዚህ ልጅቷን አስቀመጡ፣ ወደ ውስጥ ገቡ፣ አነሡት፣ ተመለሱ። እሷ ያን ጊዜ ልጇን አቅፋ ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታዎት።»

«የኔ ቀን ነበር፤» አለ መነጽር ሠሪው እንደገና፤ እጆቹንም ለካቴናው ሲሰጥ የሸሚዙን ጠርዝ አስተካክሎ ነበር።

ያን ዕለት ጧት ከሆስፒታሉ ወሬ መጥቶ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ዐይኗን ገልጣለች፤ መናገር ግን አልቻለችም። በያጁ ከክፍሏ በር ውጭ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምቆ ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ሕፃኗን ይዛ ስትመጣ ባያት ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ያ ሁሉ ስድብ የሚያውቅ ሰው ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ።

«እማዬ ተኝታ ነው?» አለች ሕፃኗ። በመኪናው ውስጥም ይህንኑ ደጋግማ ጠይቃለች።

«ነቅታለች። አንቺን ትጠብቃለች።»

«በር ላይ ተኛች እኮ። ቀስቅሳት ብዬው ነበር አባዬን...» ኢንስፔክተሯ አላስጨረሰቻትም። ጎንበስ ብላ ቀሚሷን አስተካከለችላት፤ ያንን ቃል በየትኛውም ወረቀት ላይ አልጻፈችውም።

ሳጅኑ የኤግዚቢት ከረጢቱን ይዞ ከኋላ ቆሟል። «እጅጌውን መረከብ አለብን፤» አለ በሹክሹክታ። «ያለ እሱ ክሱ ባዶ ነው። እኔ ግን ከእጇ ልቀማት አልችልም። በየሳምንቱ ሲቀማት ቆሜ አይቻለሁ።»

«ማንም አይቀማትም፤» አለች ኢንስፔክተሯ። «እዚሁ እንቆማለን።»

ሕፃኗን ከአልጋው ጫፍ አስቀመጠቻት። እናትየዋ ራሷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ግራ ክንዷ ብቻ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነበር፤ ጣቶቿ ቀስ ብለው ተከፈቱ።

ሕፃኗ ክንዱን አየችው። በጉልበቷ እየዳኸች ተጠጋች፤ አፍንጫዋንም በክርኑ መታጠፊያ ውስጥ ቀበረች። ለረጅም ጊዜ አሸተተች። ከዚያ ክንዱን በሁለት እጇ ልትይዘው አስፈለጋትና፣ ጡጫዋን ፈታች።

ግራጫው እጅጌ ከአልጋው ላይ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሕፃኗ አልተመለከተችውም። ኢንስፔክተሯ የሕፃኗ ትንፋሽ እስኪረጋ ጠበቀች፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ አነሣችው።